የእትዬ ብርነሽ ስጋጃ

አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
ኅዳር 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ብርነሽ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ለምለምስ እንዴት ናት? ወንድምዎ ጋሽ ረጋሳና ቤተሰቡስ? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ደብዳቤዎን ሰንጋ ተራ ከብት ነድቶ የመጣው መርጋ በደህና አድርሶልኛል። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ጣሪያው ያፈሳል ወይ ላሉኝ፣ አያፈስም። በማድ ቤት በኩል ያለው ቆርቆሮ በአዲስ ተለውጧል። ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል፤ የውጭ በሩም ቀለም አግኝቷል። ከግቢው ዛፍ አንድም አልተቆረጠም። ክፍሎቹ በየማለዳው ይጠረጋሉ፤ የምትጠርገውም ያቺ ከምንጩ አጠገብ የምትኖረው አጸደ ናት። ዕቃዎም ሁሉ አለ። ይህን በድፍረት ልነግርዎ እችላለሁ፤ አሁን አንድ በአንድ አውቀዋለሁና።

ሥራ አገኘህ ወይ ላሉኝም፣ አግኝቻለሁ። የጽሕፈት ሥራ ነው። ከመኝታዬ እስከ ሥራዬ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም፤ ስለዚህ ዝናብ አይመታኝም፣ ጫማዬም አያልቅም።

ሰፈሩን ቢያዩት አያውቁትም። ከላይ በኩል፣ ወደ ኡራኤል መሄጃ፣ ጣልያኖቹ ለጸሐፊዎቻቸው ቤት በቤት እየሠሩ ነው። ስሙን በቋንቋቸው አንድ ረዥም ነገር ይሉታል፤ የእኛ ሰው ካዛንቺስ ብሎ ተገላገለ። ቀኑን ሙሉ መዶሻ ነው፤ ማታ ሲያቆም ጆሮዬ ባዶ ይሆንብኛል።

ሌላ የምጽፈው ነበረኝ፤ መርጋ ግን በቅሎውን ጭኖ ደጅ ላይ ቆሟል። ለሚቀጥለው ይቆይልኝ።

ታዛዥዎ ታዲዎስ


ኩዩ፣ ሰላሌ
ኅዳር 28 ቀን 1931 ዓ.ም.

ልጄ ታዲዎስ፣

እንደምን ነህ? እኛ ይመስገነው አለን። ደብዳቤህን ለምለም ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። በመጀመሪያው ደስ አለኝ፤ በሁለተኛው ከፋኝ።

ቆርቆሮውን የለወጠው ማን ነው? አንተ እንደሆንክ ምስማር መምታት አታውቅም። በሬንስ ማን ቀባው? ባዶ ቤት ቀለም የሚቀባ ሰው አላየሁም። በየካቲቱ እሳት ጊዜ በለበስነው ልብስ ብቻ ከወጣን እነሆ ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው፤ አንተ ዕቃው ሁሉ አለ ትለኛለህ። የጎረቤቶቼ ቤት እስከ ምሰሶው ሲዘረፍ የእኔን መልአክ ጠበቀው?

ከስምንት ዓመትህ ጀምሮ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። ስትዋሽ ነገር ታበዛለህ። አሁን አሳጥረህ እውነቱን ጻፍልኝ። ቤቴ ውስጥ ማን አለ?

ብርነሽ

ይህን የምጨምረው እኔ ለምለም ነኝ። ታዲዎስ፣ እማማ ከተናገረችው ግማሹን ትቼልሃለሁ፤ ውለታዬን ቁጠር። ደግሞ የእጅ ጽሕፈትህ ተበላሽቷል። እኔን ፊደል ስታስቆጥረኝ ለተጣመመ «ሐ» ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ አልነበር? አሁን የአንተን ማን ይቆንጥጥልን?


አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
ታኅሣሥ 10 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ብርነሽ፣

አሳጥር ብለውኛል፤ አሳጥራለሁ። ቤትዎ ውስጥ ማንም አይኖርም። ሙዜዎ ሆኗል። ሙዜዎ ማለት የጥንት ዕቃ በየወረቀቱ ስሙ ተጽፎ ለሰው የሚታይበት ቤት ነው። ዕቃዎን ጥንታዊ ስላሉት ይቅር ይበሏቸው። ስሞቹን በአማርኛ የምጽፈውና በሩን የምከፍት የምዘጋው እኔ ነኝ። የማድረውም በጓሮ፣ በድሮዋ ክፍሌ ነው።

እንዴት እንደገባሁበት ልንገርዎ። ባለፈው ግንቦት ካሚዮን መጥቶ ዕቃውን ሊጭን ሲል ሲኞር ቤርቶሊ የሚሉት ሰው ደርሶ አስቆመው። የአገር ቤት ኑሮ የሚታይበት ቤት ይሁን አለና አማርኛ የሚጽፍ ሰው ፈለገ። እኔ ካልገባሁ ይበተናል ብዬ ገባሁ። ይህ እውነት ነው። አስተማሪ የነበርኩበት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህም ጾሜን አድር ነበር። ይህም እውነት ነው።

ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ አያውቅም እንጂ። የእግር መታጠቢያ ሳህንዎን የሾርባ ማቅረቢያ ነው ብሎ ከገበታው መካከል አስቀምጦታል። ኮርቻውን አልጋው ላይ አደረገው። ኮርቻ አልጋ ላይ አይወጣም ብዬ ብነግረው እንዲህ ያምራል አለኝ። ከማይጨው ያልተመለሱትን የባለቤትዎን የግራዝማች ተከስተን ስም ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ አልጻፍኩም። ስማቸው እዚህ ቤት ባይነሳ ይሻላል ብዬ ነው። ከፈራሁት ነገር ሁሉ ይህ ያሳፍረኛል።

አሁን ደግሞ የበዓል ዝግጅት ተይዟል። ከገና እስከ ጥምቀት ሙዜዎው ለሕዝብ ይከፈታል፤ ጠዋት ለእነሱ፣ ከሰዓት ለእኛ። የገና ዱላና ጥንግ ከየሰዉ ቤት እየለቀምኩ ነው። ግቢው ውስጥ የገና ጨዋታ እንዲካሄድም ታዝዣለሁ። አጸደ ከወዲሁ አበባዎቹ አለቁ እያለች ታለቅሳለች።

ስለ ስጋጃው የጠየቁኝ አልነበረም፤ ግን እንደሚያስቡት አውቃለሁ። የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጥግ ላይ የተሰፋች ጨርቅ አለች፤ ቁጥር ዐርባ አንድ ትላለች።

ይቆጡኝ፤ ግን ይጻፉልኝ።

ታዲዎስ


ኩዩ
ታኅሣሥ 19 ቀን 1931 ዓ.ም.

ልጄ ታዲዎስ፣

ሦስት ቀን ስምህን አልጠራሁም። በአራተኛው ለምለም «በሰው እጅ ከሚበተን በታዲዎስ ዓይን ሥር ቢውል አይሻልም ወይ?» አለችኝ። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩ።

የኮርቻውንና የሳህኑን ነገር ተወው። ከእግር መታጠቢያ የሚበላ ሰው የራሱ ጉዳይ ነው። እኔ የምፈልገው ስጋጃውን ነው፤ እሱም ለአንድ ቀን ብቻ።

ለምለም በአራት ዓመቷ ፈንጣጣ ይዟት ሐኪሙም መድኃኒት አዋቂውም ሲተዋት፣ ለሕፃኑ ቂርቆስ ተስዬ ነበር። ትኑርልኝ እንጂ በየዓመቱ ለጥምቀት ታቦትህ ሲመለስ በደጄ ስጋጃ አነጥፍልሃለሁ አልኩ። ልጄም ተነሳች። አንተም ከእኔ ጋር ስታነጥፍ ያደግህ ነህ፤ ለምን እንደሆነ ግን ነግሬህ አላውቅም። ስለት ለልጅ አይወራም ብዬ ነው። በየዓመቱ ታቦቱ ቆሞ፣ ቄሶቹ አሸብሽበው፣ ባርከውን ያልፉ ነበር። አምና ብቻ ቀረ። እኔ እዚህ፣ ስጋጃው እዚያ።

ከክረምት ጀምሮ ለምለምን ያስላታል። ሐምሌ ላይ ቀላል ነው አልን፤ መስከረም ላይም ቀላል ነው አልን። አሁን ማታ ማታ ያልባታል፤ ሥጋዋም አልቋል። ወደ አዲስ አበባ እንዳላመጣት በቅሎ ላይ አትቀመጥም፤ ትቻት እንዳልመጣ ደግሞ አይሆንልኝም። ከዚያ በላይ አልልህም። ዘንድሮ ስጋጃው በደጄ ይነጠፍልኝ። በወዳጅነትም ቢሆን፣ በልመናም ቢሆን፣ ጣልያኑን እንደምንም አድርገው።

ብርነሽ

እኔ ለምለም ነኝ። ይህን ስታጽፈኝ አፍሬ መስመሩ ሁሉ ጠማማ ሆነ፤ አሁን አንተ ቆንጥጠኝ። ለእኔ ብለህ ከጣልያኑ ጋር እንዳትጣላ። ሳሉ ያን ያህል አይደለም፤ እማማን ታውቃታለህ። የገናውን ጨዋታ ማን እንዳሸነፈ ግን ሳትደብቅ ጻፍልኝ።


አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
ጥር 1 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ብርነሽ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ደብዳቤዎ ለገና ዋዜማ ደረሰኝ። ለምለም ታማ አምስት ወር መደበቅዎን ግን አልወደድኩትም። እኔን ስትዋሽ ነገር ታበዛለህ ይሉኛል፤ እርስዎ ደግሞ ሲደብቁ ዝም ይላሉ።

መጀመሪያ ለለምለም፦ ያሸነፈው የቂርቆስ ወገን ነው። የኡራኤል ወገኖች «ጥንጓ መስኮት ገብታለች፣ አትቆጠርም» ብለው እስከ ማታ ተከራከሩ። መስኮቱ የእናትሽ መኝታ ቤት መስኮት ነው፤ መስታወቱ ግን ጣልያን ያስገባው ስለሆነ አላዘንኩም። ሲኞር ቤርቶሊ በጨዋታው መካከል በሎሌና በጌታ ላይ የተገጠመውን ስድብ እንድተረጉምለት ያዘኝ። ለሰላምታ ነው አልኩት።

ሕዝቡ በሁለት ቀን ውስጥ ቤቱን ሞላው። እትዬ ብርነሽ፣ ሰዉ የሚመጣው ዕቃውን ለማየት አይደለም፤ እርስዎን ለመጠየቅ ነው። በሩ ላይ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ጎረቤትዎ ወይዘሮ ኩልሱም በየክፍሉ በር ላይ ቆመው «ቤቶች» እያሉ ገቡ። ከዚያ አጸደን ጥግ ይዘው ብርነሽ ደህና ናት ወይ ብለው ጠየቁ። በማግሥቱ የራሳቸውን ጀበና ይዘው መጥተው ይህም ዕቃው ከሚታይበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ይግባ አሉ። ገብቷል።

አሁን ወደ ስጋጃው ልምጣ። ለሲኞር ቤርቶሊ ስለ ስለቱ አልነገርኩትም። የአገሩ ልማድ ነው፤ ያለ ስጋጃ ጥምቀት በዚህ ደጅ አልፎ አያውቅም አልኩት። ሰውዬው በደስታ ብድግ አለ። ወዲያው በበዓሉ ፕሮግራም ውስጥ አስገባው። ችግሩ ቁጥር ያለው ዕቃ ከግቢ መውጣት በሕጋቸው ክልክል ነው፤ ታቦት ደግሞ ግቢ አይገባም። አንድ ሌሊት ጭንቅላቱን ሲያክ አድሮ ዘዴ አገኘ። ዕቃው እንዳይነካ በየክፍሉ የዘረጋው ቀይ ገመድ አለ። በዕለቱ ገመዱ እስከ መንገዱ መሀል ይዘረጋል፤ ለዚያች ሰዓት መንገዱም ሙዜዎ ነው አለ። እኔም እጅ ነሳሁ።

የከበደኝ ግን የእኛው ሰው ነው። የቂርቆሱን አለቃ ገብረክርስቶስን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው። እስከ መጨረሻ ሰምተውኝ፣ «ታቦት ለትርኢት አይቆምም» አሉኝ። የለምለምን ነገር ነገርኳቸው። ከዚያ፣ «ለስለት ይቆማል። ስለት ግን የሚገባው በቤቱ ሰው እጅ ነው። በጣልያን ቅጥረኛ እጅ አይደለም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አለቃ የተናገሩት እውነት ነው። በእርስዎ ቤት ያደግሁ የሩቅ ዘመድ ነበርኩ፤ አሁን የጣልያን ደሞዝተኛ ነኝ። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፦ እኔ የቤቱ ሰው ነኝ ወይ? መርጋ ሌሊትና ቀን ሄዶ እንዲመለስ ለምኜዋለሁ። መልስዎ ከጥምቀት በፊት ካልደረሰኝ ስጋጃው ከግድግዳው አይወርድም።

ለለምለም ብርታት ይስጥልኝ።

ታዲዎስ


ኩዩ
ጥር 5 ቀን 1931 ዓ.ም.

ልጄ ታዲዎስ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አለቃን እንዲህ በልልኝ። የቤቱ ልጅ ታዲዎስ ነው። ከእሱ ሌላ የለኝም። እሱ ያንጥፍ።

ስጋጃው ከመነጠፉ በፊት አቧራው በደንብ ይራገፍ። ራስጌው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሁን። ጫማህን አውልቅ። እንደ ድሮው ዳቦም ጠላም ባይኖር አትጨነቅ፤ ለዘንድሮ ስጋጃው ይበቃል።

ስትጨርስ እንዴት እንደሆነ ጻፍልኝ። ምንም አታስቀርብኝ።

ይህን የጻፈልኝ የደብሩ ዲያቆን ደጋጋ ነው።

ብርነሽ


አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
ጥር 13 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ብርነሽ፣

እንኳን ደስ አለዎት። ስለትዎ ገብቷል።

ምንም አታስቀር ስላሉኝ ሁሉንም እጽፋለሁ። ቃልዎን ለአለቃ አነበብኩላቸው። «ከእሱ ሌላ የለኝም» ከሚለው ላይ ስደርስ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ደግመው አነበቡት። ከዚያ ትከሻዬን ይዘው፣ «በል ልጄ፣ አንጥፍ» አሉኝ።

በዕለቱ ከአጸደ ጋር አውርደን አራገፍነው። አቧራው ቢያስነጥሰን ነው እንጂ ብል አልነካውም። ሲኞር ቤርቶሊ ገመዱን በራሱ እጅ እስከ መንገዱ መሀል ዘረጋ። የጣልያን ሴቶችም ወንበር ይዘው ከካዛንቺስ ወርደው ነበር። ሰውዬው ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሰው አስመጥቶ ነበርና ነገሩ ትርኢት እንዳይሆን ፈራሁ። ታቦቱ ከላይ ብቅ ሲል ጫማዬን አውልቄ ዘረጋሁት፤ ራስጌውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አደረግሁ። ሕዝቡ ገመዱን ረግጦት አለፈና ስጋጃውን ዙሪያውን ከበበው። ፎቶግራፈኛው ከሰው ጀርባ ቀረ፤ ያነሳው ነገር ቢኖር ጥላና ነጠላ ነው።

ታቦቱ ቆመ። እውነቴን ነው፣ ከሌላው ዓመት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ቆመ። ሦስት ጊዜ አሸበሸቡ። አለቃ መስቀሉን ይዘው ወደ እኔ ሲመጡ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ስሟን ጥራ አሉኝ። እኔም የለምለምን ክርስትና ስም ጠርቼ፣ ጤናዋን መልስልን፣ በሚቀጥለው ዓመት በእግሯ ቆማ ታንጥፍ አልኩ። ዙሪያውን ያለው ሰው አሜን አለ። ሲኞር ቤርቶሊ እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። ማንም ሳያዘው ነው፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባኛል።

አሁን አንድ ቅሬታ አለኝ። የደጋጋን የእጅ ጽሕፈት ባየሁ ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ለምለም ተቀይማኛለች። አለቃ የጣልያን ቅጥረኛ ማለታቸውን እኔው ራሴ ስለጻፍኩ፣ ከዚያ ወዲህ ለእኔ መጻፍ ጠልታለች። አልፈርድባትም፤ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ይቀየማል። ግን ይንገሩልኝ፦ በእጅዋ ሁለት ቃል፣ ስድብም ቢሆን ትጨምርልኝ። ከእርስዎ ደብዳቤ በታች የእሷን ካላገኘሁ ያልጨረስኩት ይመስለኛል።

ስጋጃው ዛሬ ወደ ግድግዳው ተመልሷል። በስተ ጥግ ትንሽ የጭቃ እግር አለበት። ሲኞር ቤርቶሊ ይጠረግ አለኝ፤ አልጠረግሁትም።

የቤትዎ ልጅ
ታዲዎስ


ኩዩ
ጥር 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

ልጄ ታዲዎስ፣

መርጋ ይህን የሚሰጥህ አለቃ ገብረክርስቶስና ወይዘሮ ኩልሱም በማለዳ ቤትህ ደርሰው ከተነሱ በኋላ ነው። እንዲህ እንዲሆን አዝዤዋለሁ። መርዶ በወረቀት አይላክም፤ ሰው በሰው ተከብቦ ነው የሚረዳው። ስለዚህ ይህን ስታነብ አልቅሰህ ወጥቶልህ ይሆናል። አይዞህ ልጄ።

ለምለም ያረፈችው በገና ማግሥት ነው። ሌሊቱን አብረን አደርን፤ ወደ ንጋት ላይ ጭንቀቱ ለቀቃትና ተኛች። አልነቃችም። እዚሁ ከአባቴ መቃብር አጠገብ አስቀመጥናት። ደብዳቤህን ደጋጋ ያነበበልኝ በስድስተኛው ቀን፣ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ነው።

አልተቀየመችህም። መቀየሚያ ጊዜም አላገኘችም፤ አለቃ የተናገሩትን አልሰማችም። የጨዋታውንም ነገር መቃብሯ ላይ እኔ ነገርኳት፤ የቂርቆስ ወገን አሸነፈ አልኩ።

ለምን ደበቁኝ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ለአለቃ ብቻ በመርጋ አፍ ልኬ ነበር፤ ካህን ናቸውና ማወቅ ነበረባቸው። ለአንተ ብነግርህ ስጋጃውን አታነጥፈውም ነበር። ልጅቱ ሞታ ምን ስለት አለ ትል ነበር። ጋሽ ረጋሳም ይህንኑ አለኝ። እኔ ግን የተሳልኩት አትሙትብኝ ብዬ አይደለም። ትኑርልኝ ነው ያልኩት። ዐሥራ ሦስት ዓመት ኖረችልኝ። ፊደል ቆጠረች፣ ዘፈነች፣ ተቆጣችኝ፣ ደብዳቤዬን ጻፈችልኝ። ለዚያ ሁሉ ሳላመሰግን አምና ቀርቶብኝ ነበር፤ ዘንድሮ እንዲቀር አልፈለግሁም።

ጤናዋን እንደለመንክላት ጻፍክልኝ። አትፈር። ደጋጋ ያን ሲያነብልኝ ድገምልኝ አልኩት። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር እያለ በሚወጣ በሚገባበት ሰሞን፣ እዚያ በደጄ ላይ ስሟን በሕይወት ካሉት ጋር የሚጠራ አንድ ሰው ነበረኝ። ሕዝቡም አሜን ብሎላታል። ከአንተ ልወስዳት አልቸኮልኩም፤ ከእኔ ሞታ ሃያ ቀን ከአንተ ጋር ኖራለች።

ዐርባዋ የካቲት ዘጠኝ ነው። ጣልያኑ ከፈቀደልህ ና፤ ካልፈቀደልህም ና።

እናትህ ብርነሽ